ንጉሡንም ነጻ አውጪዎቹንም የሣለ እጅ

እ.ኤ.አ. በ1815 በቺሊዋ ሳንቲያጎ የሚኖር አንድ ሠዓሊ የስፔኑን ንጉሥ የፈርናንዶ ሰባተኛን ምስል ሣለ። ንጉሡ ሳንቲያጎን ቀርቶ የአሜሪካን ምድር ረግጦ አያውቅም። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ከዚያ ምድር ወርቅና ብር ሲያስጭኑ ከኖሩት የስፔን ነገሥታት ባሕሩን ተሻግሮ የመጣ አንድም አልነበረም። ለአሜሪካ ተገዢ ንጉሥ ማለት በሸራ ላይ ያለ ፊት ነበር። አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ምስሉ በዐውደ ሕዝብ ከድባብ በታች ይቆማል፣ ሹማምንቱ ይሰግዱለታል፣ ሕዝቡም ለምስሉ እልል ይላል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በዚያችው ከተማ፣ ያው ሠዓሊ የዚህን ንጉሥ ጦር ከሳንቲያጎ ያባረረውን ጄኔራል ሆሴ ዴ ሳን ማርቲንን ሣለ።

የሠዓሊው ስም ሆሴ ሂል ዴ ካስትሮ ይባላል። በደቡብ አሜሪካ የነጻነት ዘመን ሳን ማርቲንን፣ በርናርዶ ኦሂጊንስንና ሲሞን ቦሊቫርን በሕይወት ሳሉ የሣለ፣ ዛሬም የእነዚህ ሰዎች ፊት በሰው ዓይነ ሕሊና የሚመጣው በእርሱ ሥራ በኩል የሆነ ባለሙያ ነው። ነጻ አውጪ የተባሉትን መሪዎች መልክ ለትውልድ ያቆየው ይህ ሰው ራሱ በባርነት ኖራ ነጻ ከወጣች እናት የተወለደ መሆኑ ግን ለረጅም ጊዜ ከታሪኩ ዳር ተገፍቶ ኖሯል። ታሪኩ መጀመር ያለበትም ከዚያ ነው።

ሂል ዴ ካስትሮ በ1785 በሊማ ተወለደ። አባቱ ሆሴ ማሪያኖ ካርቫሃል ካስትሮ በጊዜው አጠራር ‘ፓርዶ’ ነበር፤ ማለትም ከአፍሪካውያንና ከሌሎች ዘሮች የተወለደ ነጻ ሰው። እናቱ ማሪያ ሌዎካዲያ ሞራሌስ ከባርነት የወጣች ጥቁር ሴት ነበረች። ልጁ በነጻነት ቢወለድም የተወለደባት ከተማ ሰውን በቆዳው ደረጃ የምትመድብ ነበረች። ሊማ የስፔን እንደራሴ መቀመጫ፣ ከ50 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ታላቅ ከተማ ስትሆን፣ ከነዋሪዋ ከሲሶ በላይ የሚሆነው የአፍሪካ ደም ያለበት ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው፣ ከፍተኛው ሹመት፣ የክህነቱ ማዕረግ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የተዘጋ በር ነው። ክፍት የቀሩት ሁለት መንገዶች ነበሩ፤ አንዱ የነጻ ጥቁሮችና የፓርዶዎች ሚሊሻ፣ ሌላው የእጅ ሙያ። ሂል ዴ ካስትሮ በሁለቱም ሄደ።

ሥዕል በዚያን ዘመን ሊማ የእጅ ሙያ ነበር። ሠዓሊው እንደ አንጥረኛውና እንደ አናጢው በማኅበር የታቀፈ፣ ከጌታው ቤት ገብቶ ቀለም በመፍጨት የሚጀምር፣ ሸራ መወጠርንና መቀባትን ተምሮ ቀስ በቀስ ወደ ብሩሽ የሚደርስ ሰው ነው። ከባለሙያዎቹ ብዙዎቹ ነባር ሕንዶች፣ ጥቁሮችና ድብልቅ ዘር ያላቸው ነበሩ፤ ክቡራኑ ቤተሰቦች ሥዕሉን ይወዳሉ እንጂ ልጆቻቸውን ለዚህ ሥራ አይሰጡም። ሂል ዴ ካስትሮ ሙያውን የቀሰመው በጊዜው የሊማ ሹማምንትና ጳጳሳት ሠዓሊ ከነበረው ከፔድሮ ዲያስ የሥዕል ቤት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል፤ የሁለቱን ሥራ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያየ ሰው ዝምድናውን ለመቀበል አይቸገርም።

የዚያ የሥዕል ቤት ደንብ ምን እንደነበር ማወቅ የኋላውን ሁሉ ለመረዳት ይጠቅማል። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የሰው ምስል የሚሣለው የሰውየውን ማዕረግ ለማስመስከር ነው። ፊቱ ይታወቅ ዘንድ በጥንቃቄ ይሣላል፤ ከፊቱ ባላነሰ ጥንቃቄ ግን ዳንቴሉ፣ የወርቅ ጥልፉ፣ ቀለበቱ፣ ኒሻኑ፣ የቤተሰቡ አርማ ይሣላል። ከሥዕሉ ታች ወይም ጎን በተከለለ ጽሑፍ ስሙ፣ ሹመቱ፣ የተሣለበት ዓመት ይዘረዘራል። ዛሬ በሙዚየም የቆመ ተመልካች ይህን ጽሑፍ ዘሎ ፊቱን ብቻ ሊያይ ይሞክራል። ለዚያ ዘመን ሰው ግን ሥዕሉና ጽሑፉ አንድ ሰነድ ነበሩ።

ይህን ሙያ ይዞ ሂል ዴ ካስትሮ ከሊማ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቺሊ ሄደ። በ1814 በሳንቲያጎ ቀን የተጻፈባቸውን ሥራዎቹን እናገኛለን። ሳንቲያጎ ከሊማ ጋር ስትነጻጸር ትንሽና ድሃ ከተማ ነበረች፤ ነገር ግን ርስት ያላቸው፣ መልካቸውን በሸራ ማየት የሚፈልጉ ቤተሰቦች ነበሯት፤ እነዚህን ሊያስደስት የሚችል የሰለጠነ የምስል ሠዓሊ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝባትም። ሂል ዴ ካስትሮ በአጭር ጊዜ ውስጥ የባላባቶቹ ሁሉ ሠዓሊ ሆነ። በ1816 የሣለው፣ ዶን ራሞን ማርቲኔስ ዴ ሉኮ ከልጃቸው ከሆሴ ፋቢያን ጋር ያሉበት ሥዕል ዛሬ በሳንቲያጎ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከሚታዩት ተወዳጅ ሥራዎች አንዱ ነው። በዚሁ ዓመት የከተማይቱ የሠዓሊያን ማኅበር አለቃ ተብሎ ተሾመ።

ጊዜው ግን የሰላም አልነበረም። ቺሊ በ1810 የራሷን መንግሥት ለማቆም ጀምራ ነበር፤ በጥቅምት 1814 በራንካግዋ ጦርነት ነጻነት ፈላጊዎቹ ተሸነፉ፤ ኦሂጊንስና የተረፉት ጓዶቹ የአንዲስን ተራራ ተሻግረው ወደ ሜንዶሳ ሸሹ። የስፔን ሥልጣን ተመለሰ። የፈርናንዶ ሰባተኛ ምስል በ1815 መሣሉም ለዚህ ነው። ሥልጣኑን መልሶ የያዘው ወገን የንጉሡን ፊት በየአዳራሹ መልሶ መስቀል ነበረበት፤ አዛዡ አዘዘ፣ ባለሙያው ሠራ። ሂል ዴ ካስትሮ በልቡ ንጉሣዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ጥያቄ ከዚህ ሥዕል ለመመለስ መሞከር ሠዓሊን ከፖለቲከኛ ማምታታት ይሆናል። የማኅበር አባል የሆነ ሙያተኛ የሚተዳደረው በትእዛዝ ነው።

በጥር 1817 ሳን ማርቲን ወደ 5,000 የሚጠጉ ወታደሮች ይዞ አንዲስን ተሻገረ። ከእግረኛ ወታደሮቹ መካከል ነጻነት ቃል ተገብቶላቸው የተመለመሉ ጥቁሮች እጅግ ብዙ ነበሩ። በየካቲት 12 ቀን በቻካቡኮ ድል ሆነ፤ ሳንቲያጎ ተከፈተች፤ ኦሂጊንስም የአገሪቱ ጠቅላይ መሪ ሆነ። የሠዓሊው በር መንኳኳት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዘመቻው የወጡት መኮንኖች፣ አንዳንዶቹ ገና ወጣቶች፣ አዲስ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አዲስ ኒሻናቸውን አድርገው መሣል ፈለጉ። የሚቀጥለው ጦርነት በሕይወት ይተዋቸው እንደሆነ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በሸራ ላይ የቀረው ፊት ለእናት፣ ለሚስት፣ ለልጅ የሚቀር ቅርስ ነው።

ሳን ማርቲንን ከ1817 ጀምሮ ደጋግሞ ሣለው። እዚህ ላይ የሙያው አሠራር በግልጽ ይታያል። የጄኔራሉ ፊት አንድ ጊዜ በሚገባ ከተያዘ በኋላ ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ይገለበጣል፤ ጥቁሩ ፀጉር፣ ትላልቆቹ ዓይኖች፣ ወደ ጉንጭ የወረደው ሪዝ ያው ናቸው። የሚለወጠው ልብሱና ማዕረጉ ነው። አዲስ ኒሻን ሲሰጥ አዲስ ኒሻን ይጨመራል። ኦሂጊንስ በ1817 ያቋቋመው የቺሊ የክብር ሌጌዎን ኒሻን በእነዚህ ሥዕሎች ላይ እየተደጋገመ ይመጣል፤ ስለዚህም የታሪክ ባለሙያዎች ሥዕሉ ከየትኛው ወር በኋላ እንደተሣለ ከኒሻኖቹ ይቆጥራሉ። ሂል ዴ ካስትሮ በክር ስፋት እንኳ የማይሳሳት ሰው ስለነበረ ሥዕሎቹ ለዚህ ይታመናሉ።

የንጉሡ ምስል በወረደበት የአዳራሽ ግድግዳ የጄኔራሉ ምስል ወጣ። ይህ ለውጥ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ግን የዘመኑን ትልቅ ችግር የፈታ ነገር ነበር። አዲሶቹ መንግሥታት ሕገ መንግሥት ገና አልጸናላቸውም፣ ድንበራቸው አልተሰመረም፣ ሕዝባቸው በአብዛኛው ማንበብ አይችልም። ንጉሥ የለም ሲባል በምትኩ ማን አለ? መልሱን በዓይን የሚያሳይ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሂል ዴ ካስትሮ ያንን ሥራ የሠራው ደግሞ ትናንት ንጉሡን በሣለበት ጥበብ ነው፤ ያው የተከለለ ጽሑፍ፣ ያው የማዕረግ ዝርዝር፣ ያው ቀጥ ያለ አቋም። አዲሱ ሥልጣን በአሮጌው ቋንቋ ባይናገር ኖሮ ሰሚ ያገኝ እንደነበር ያጠራጥራል።

ኦሂጊንስን በሙሉ ቁመናው የሣለበት ትልቅ ሸራ በሳንቲያጎ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ጠቅላይ መሪው ከተራሮቹ ፊት ቆሟል፤ አካሉ መልክዓ ምድሩን ሁሉ አሳንሶ ይታያል። በአውሮፓ አካዳሚ የተማረ ሰው የርቀት ሕግ አልተጠበቀም ይላል። ለዚህ ጸሐፊ ግን ይህ የሥዕሉ ኃይል ነው፤ አገሩ ገና በመፈጠር ላይ ነበር፤ ሰውየው ከአገሩ ይልቅ የታወቀ ነበር።

ሠዓሊው ሌሎችን እያሳደገ ራሱን አልረሳም። በጦሩ የመሐንዲሶች ክፍል የሻምበልነት ማዕረግ አገኘ፤ በመንግሥቱ የካርታ ሥራ ክፍል አባል ሆነ፤ ሁለተኛ ኮስሞግራፈር ተባለ፤ የክብር ሌጌዎኑም አባል ሆነ። እነዚህን ማዕረጎች አንድ በአንድ በሥዕሎቹ ጥግ ጻፋቸው። የሥዕሉ ባለቤት ጄኔራል ሹመቱ ከተዘረዘረበት ሰሌዳ ብዙ ሳይርቅ የሠዓሊውም ሹመት ይዘረዘራል፤ ሆሴ ሂል ሠራኝ፣ እንዲህና እንዲህ የሆነው። ከእርሱ በፊት በሊማና በሳንቲያጎ የሠሩ ብዙ ሠዓሊያን ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል። እርሱ ግን ዘሩ በጥምቀት መዝገብ ከተጻፈበት አምድ ለመውጣት ዕድሜ ልኩን የደከመ ሰው ነው፤ የሚታይበት ሰነድ ሁሉ ማን እንደሆነ እንዲናገር ይፈልጋል። በእነዚህ ሥዕሎች ፊት የቆመ ሰው ሁለት ሰዎች በአንድ ሸራ ላይ ማዕረግ ሲጠይቁ ያያል። በ1817 በሳንቲያጎ ከማሪያ ኮንሴፕሲዮን ማርቲኔስ ጋር በጋብቻ ሲተሳሰርም የከተማይቱ የታወቀ ሰው ነበር።

በሐምሌ 28 ቀን 1821 ሳን ማርቲን በሊማ የፔሩን ነጻነት ዐወጀ። ሠዓሊውም ወደ ትውልድ ከተማው አቀና። በ1822 የማርኬስ ማዕረግ የነበረውንና በአዲሱ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን የያዘውን ቶሬ ታግሌን ሣለ፤ የፔሩ መንግሥት ቀዳሚ ሠዓሊ የሚል ማዕረግም አገኘ። ከሊማ የጥቁር ባለሙያዎች ሰፈር የወጣ ልጅ በሊማ ቤተ መንግሥት የመንግሥት ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

ደጋፊዎቹ ግን አንድ በአንድ ከመድረኩ ወረዱ። ሳን ማርቲን በ1822 ከቦሊቫር ጋር በጓያኪል ከተገናኘ በኋላ ሥልጣኑን ትቶ ሄደ፤ ኋላም በፈረንሳይ ሞተ። ኦሂጊንስ በጥር 1823 ከሥልጣን ወርዶ በስደት ወደ ፔሩ መጣ። ቶሬ ታግሌ ወደ ስፔኖቹ ወገን ተሻግሮ በ1825 በሊማ ወደብ በካያኦ በተከበበው ምሽግ ውስጥ ሞተ።

ቦሊቫር ሊማ የገባው በመስከረም 1823 ነው። በታኅሣሥ 1824 የአያኩቾ ጦርነት የስፔንን ጦር ለመጨረሻ ጊዜ ከሰበረ በኋላ ሊማ ለቦሊቫር ክብር የማትሰጠው ነገር አልነበረም። ሂል ዴ ካስትሮ በ1825 በሙሉ ቁመና የሣለው ቦሊቫር ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው ሆነ። ቀጭን፣ አጭር፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው ነው፤ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ያለው የወርቅ ጥልፍ በቅጠል በቅጠሉ ሊቆጠር ይችላል። ሠዓሊው ጄኔራሉን አላገዘፈውም፣ አላወዛውምም። ቦሊቫር ይህን ምስል ልጁ የቦሊቫር ረዳት መኮንን ለነበረው ለእንግሊዛዊው ጄኔራል ለሰር ሮበርት ዊልሰን ሲልክ በደብዳቤው በሊማ እጅግ በትክክል፣ መልኩንም በሚገባ መስሎ የተሠራ መሆኑን መሰከረለት። ቦሊቫር በብዙ ሠዓሊያን ተሥሏል፤ ስለዚህ ምስል የሰጠው ቃል ግን የቀሩትን ለመመዘን እስከ ዛሬ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ሥዕሉ አሁን የሚገኘው በቦሊቫር የትውልድ ከተማ በካራካስ ነው።

የአሠራሩ ድክመት አይካድም። እጆች ብዙ ጊዜ ያስቸግሩታል፤ አካሉ ከልብሱ በታች ያለ አይመስልም፤ አቋሙ የደረቀ ነው። ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ወርዶ ጥላ ከመጣል ይልቅ ፊቱን ሁሉ እኩል ያበራል። ሆኖም ፊቶቹን ረጋ ብሎ ያየ ሰው አንዱ ከሌላው ሲለይ ያያል። የደከመው፣ የሚኮራው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኒሻን አድርጎ የሚያፍረው ሁሉ አለ። የመኮንኖቹ ሚስቶችና የባላባቶቹ እናቶች ምስሎችም እንዲሁ ናቸው፤ የኦሂጊንስን እናት ኢሳቤል ሪኬልሜን ሲሥል በልጅዋ ምስል ላይ ከደከመው ያነሰ አልደከመም።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ሥራው ግን የጄኔራል ምስል አይደለም። በ1828 የተሣለው ሆሴ ኦላያ ነው።

ኦላያ ከሊማ በስተ ደቡብ ባለችው በቾሪዮስ የባሕር ዳር መንደር የሚኖር ነባር ሕንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በ1823 አጋማሽ የስፔን ጦር ሊማን መልሶ ሲይዝ የነጻነቱ ወገን ወደ ካያኦ ምሽግ ሸሸ። በከተማይቱ በተደበቁትና በምሽጉ ባሉት መካከል ደብዳቤ የሚያመላልሰው ኦላያ ነበር፤ ባሕሩን ስለሚያውቅ በዋና ጭምር ይሻገራል። ተያዘ፤ ክፉኛ ተሠቃየ፤ የላኪዎቹንም የተቀባዮቹንም ስም ሳይናገር በሰኔ 29 ቀን 1823 ከሊማ ዐቢይ አደባባይ አጠገብ ባለች መተላለፊያ ተረሸነ። መተላለፊያዋ ዛሬ በስሙ ትጠራለች።

ሂል ዴ ካስትሮ ይህን ሰው በሙሉ ቁመናው ሣለው። ነጭ ልብስ ለብሷል፤ በእጁ ደብዳቤ ይዟል፤ በስተጀርባው ባሕሩና ዳርቻው ይታያል። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሸራ፣ ቀጥ ያለው አቋም፣ የተከለለው ጽሑፍ፣ ሁሉም ቀደም ሲል ለንጉሥ፣ ኋላም ለቦሊቫርና ለኦሂጊንስ የተሰጠ ክብር ነው። በቅኝ ግዛቱ ሥርዓት አንድ ሕንድ ዓሣ አጥማጅ በሸራ ላይ ቢወጣ የሚወጣው ከቅዱሳን እግር ሥር እንደሚጸልይ ሰው ወይም በገበያ ትርኢት መካከል ስም እንደሌለው ገጸ ባሕሪ ነበር። እዚህ ግን ስሙ ተጽፏል፤ ኒሻን ስለሌለው ደብዳቤው በኒሻን ቦታ ገብቷል። ሠዓሊው የነጩን ልብስ እጥፋት የሣለበት ጥንቃቄ የቦሊቫርን የወርቅ ጥልፍ ከሣለበት ጥንቃቄ አያንስም። ሂል ዴ ካስትሮ ከብዙ ጄኔራሎች ጋር ሠርቷል፤ ስለ ነጻነቱ ጦርነት ያለውን ሐሳብ ግን ከዚህ ሥዕል የበለጠ የሚነግረን የለም። ሪፐብሊክ የሚለው ነገር ቁም ነገር ካለው ዓሣ አጥማጁም እንደ ጄኔራሉ መቆም አለበት ብሎ ሣለ። ሥዕሉ በሊማ በፑዌብሎ ሊብሬ ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ፣ የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ሙዚየም ይታያል።

ሪፐብሊኩ ራሱ በዚያ ፍጥነት አልሄደም። ቺሊ ባርነትን በ1823 ስታስቀር፣ ፔሩ ከ1821 በኋላ የተወለዱ ልጆች ነጻ ናቸው ከማለት አልፋ ለወላጆቻቸው ነጻነት የሰጠችው በ1854 ነው። ሂል ዴ ካስትሮ ያንን ቀን አላየም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሊማን ዳኞች፣ መኮንኖችና ቤተሰቦቻቸውን ሲሥል ኖረ። በ1830ዎቹ አጋማሽ የሣለው ማሪያኖ አሌሆ አልቫሬስ ከትንሽ ልጁ ጋር ያለበት ሸራ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ አልቫሬስ በአሜሪካ ለተወለዱ ሰዎች በገዛ አገራቸው ሹመት ይገባቸዋል ብሎ በጽሑፍ የተከራከረ የሕግ ሰው ነበር። ሠዓሊው በ1837 በሊማ ሞተ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ዓይኑን ወደ አውሮፓ አዞረ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሩጌንዳስ በ1830ዎቹ፣ ፈረንሳያዊው ሬይሞን ሞንቮዋዛን በ1840ዎቹ ወደ ቺሊ መጡ፤ የሳንቲያጎ ባላባቶች ልስልስ ያለ ጥላ፣ የተዘናጋ አቋም፣ የፓሪስ ቀለም ወደዱ። የሂል ዴ ካስትሮ ሥዕሎች የአያቶች ዕቃ ተብለው ወደ ኋላ ክፍል ገቡ። ስሙም ተለወጠ፤ ያን ሁሉ ማዕረግ በሥዕሎቹ ጥግ የጻፈው ሰው በሰው አፍ ‘ሙላቶው ሂል’ ሆኖ ቀረ። በሳንቲያጎ ላስታሪያ ሰፈር ያለችው አደባባይ ዛሬም በዚሁ ስም ትጠራለች። አክብሮ የሰየማት ሰው ክፉ አላሰበም ይሆናል፤ ሆኖም ሻምበሉ፣ የማኅበር አለቃው፣ የመንግሥት ሠዓሊው በመረጠው ስም መጠራት ነበረበት።

የተሟላው ምርምር የተጀመረው በ2008 ነው። በፔሩዋ የሥነ ጥበብ ታሪክ ባለሙያ በናታሊያ ማህሉፍ መሪነት የፔሩ፣ የቺሊና የአርጀንቲና ተመራማሪዎችና የሥዕል ጥገና ባለሙያዎች በየሙዚየሙ፣ በየገዳሙና በየቤቱ የተበተኑትን ሥራዎቹን መዘገቡ፤ ሸራዎቹን በኤክስሬይ መረመሩ፣ ቀለሞቹን በላቦራቶሪ ፈተሹ፣ የሌላ እጅ ቅጂዎችን ከእርሱ ሥራ ለዩ። በሳንቲያጎና በሊማ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት መዛግብት ተፈተሹ። የልደቱና የሞቱ ዓመታት፣ የእናትና የአባቱ ሁኔታ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚነገረው በዚህ ሥራ ምክንያት ነው። በ2014 በሊማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በ2015 ደግሞ በሳንቲያጎ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ‘የነጻ አውጪዎቹ ሠዓሊ’ በሚል ርእስ ትልቅ ዐውደ ርእይ ቀረበ። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ባላባቶቹ፣ መኮንኖቹ፣ ሳን ማርቲንና ዓሣ አጥማጁ ኦላያ በአንድ ጣሪያ ሥር ታዩ፤ በግድግዳው ላይ የተጻፈው ስምም ሙሉው ነበር፤ ሆሴ ሂል ዴ ካስትሮ።